መጽሐፉ ለማን ተሸጠ?

አሳታሚ ድርጅት ሲሞት ለቀስተኛ የለውም። ስሙ በመጻሕፍት ጀርባ ላይ ስለሚቆይ መሞቱ እንኳ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ውርሱ ግን ወዲያው ይከፋፈላል፤ ሕንፃውን አንዱ፣ ስሙን ሌላው፣ የማሳተም መብቱን ሦስተኛው ይይዛል። በዚህ ሁሉ ክፍፍል ሐሳቡን የማይጠየቅ አንድ ሰው አለ፤ ደራሲው።

ለዚህ አብነት የማነሣው የእኛንም ሰዎች የነካውን የለንደኑን ሃይነማንን ነው። ሃይነማን እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካ ደራስያንን ሥራ በተከታታይ ማሳተም ጀመረ። (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡ የአለን ሂል ነበር። የተከታታዩ ቁጥር 1 የቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ሲሆን፣ አቼቤ ራሱ እስከ 1972 ድረስ ያለ ደመወዝ አማካሪ አርታዒ ሆኖ ሠርቷል። ለተማሪ ኪስ የሚስማማ ዋጋ የተቆረጠላቸው፣ ብርቱካንማ ሽፋን ያላቸው እነዚያ ትንንሽ መጻሕፍት ከሌጎስ እስከ ናይሮቢ አንድ ትውልድ አስነብበዋል።

የእኛዎቹ ሁለት ደራስያንም በዚህ መደርደሪያ ላይ ቦታ አግኝተዋል። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ተርቲንዝ ሰን» በ1973 ወጡ። የመጀመሪያው ጎጆ ያቃጠለውን ሰው ለማውጣት የሚሰበሰብ የመንደር ሸንጎ ነው፤ ሁለተኛው ታሞ በልጆቹ አጃቢነት ለፈውስ ወደ ዝቋላ አቦ የሚወሰድ ፊታውራሪ ታሪክ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱም ገበያ የሚያናውጡ አይደሉም። ዳኛቸውማ በ«አደፍርስ» ለአማርኛ አንባቢ ያልራራውን ያህል በእንግሊዝኛውም ለፈረንጁ አልራራም። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚቀበል ድርጅት አንድም ሞኝ ነው፣ አንድም የትርፉን ቀን ሩቅ አድርጎ የሚያይ አርታዒ አለው። ሃይነማን አርታዒ ነበረው።

መከራው በ1982 መጣ። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ናይጄሪያ የውጭ ምንዛሪዋን ቆለፈች፤ የተከታታዩ ትልቁ ገበያ በአንድ ጊዜ ደረቀ ማለት ነው። በዓመቱ የሃይነማንን ባለቤት ኩባንያ ቢ ቲ አር ገዛው። ቢ ቲ አር ስሙ እንደሚነግረን ከጎማ የመጣ ድርጅት ነው። (ጎማ ሻጭ ስለ ልብ ወለድ ምን ያውቃል ብሎ መሳቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የጎማ ነጋዴው የሠራው ስሕተት የለም፤ የማይሸጠውን አስወጣ፣ የሚሸጠውን አስቀረ።) ቤቱ በ1985 ወደ ኦክቶፐስ፣ በ1987 ወደ ሪድ ተላለፈ። አዲስ መጽሐፍ ከስንት አንድ ብቻ መውጣት ጀመረ፤ በ2003 ጨርሶ ቆመ። በ2007 የትምህርት መጻሕፍቱን ክፍል ፒርሰን ገዛው። የልብ ወለዱ የሃይነማን ስም ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1997፣ ለራንደም ሃውስ ተሸጦ ነበር፤ የአሜሪካው ሃይነማን ደግሞ ወደ ሃውተን ሚፍሊን ሄደ። አንድ ስም፣ ሦስት ቤት።

በመካከሉ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ሣህለ ሥላሴ «ፋየርብራንድስ»ን በ1979 ያሳተመው ከሃይነማን ተፎካካሪ ከሎንግማን ጋር ነበር። ሎንግማን ደግሞ የፒርሰን ነው። ስለዚህ ደራሲያችን በሁለት በማይስማሙ ቤቶች ያሳተማቸው መጻሕፍት ከዓመታት በኋላ ስማቸው በአንድ ባለሀብት ጣራ ሥር ተገናኘ። ይህን ያወቀ የሒሳብ ሠራተኛ ይኖር ይሆን? እኔ እጠራጠራለሁ።

ጄምስ ከሪ በዚያ ቤት ከ1967 እስከ 1984 ሠርቶ ወጥቶ የራሱን አነስተኛ ድርጅት አቋቋመ፤ በ2008 «አፍሪካ ራይትስ ባክ» የተባለውን የተከታታዩን ታሪክ ጽፏል። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ደብዳቤ ከደራሲ ወደ አርታዒ፣ ከአርታዒ ወደ ደራሲ ሲመላለስ ያሳያል። ጉድለቱ ግን እዚያው ላይ ነው። የሟቹን ታሪክ የጻፈው ወዳጁ ስለሆነ የወራሹ ድምፅ ጎላ ብሎ አይሰማም። ወራሽ የሚጽፈው የዓመት ሒሳብ ነውና፣ የአሳታሚዎች ታሪክ ሁልጊዜ በናፍቆት የተሞላ ሆኖ ይቀራል። የከሪ ድርጅትም ቢሆን በ2008 ለቦይዴል ኤንድ ብሩወር ተሸጧል።

ከውርሱ ሁሉ በጥሩ እጅ ወደቀ የምለው የናይሮቢው ነው። ሄንሪ ቻካቫ የሃይነማንን የኬንያ ቅርንጫፍ ይመራ ነበር፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በእስር ቤት ሳለ በጊኩዩ የጻፈውን ልብ ወለድ በ1980 ያሳተመው እርሱ ነው። ቅርንጫፉ ቀስ በቀስ በአገሬው ሰዎች እጅ ገብቶ በ1992 ኢስት አፍሪካን ኤዱኬሽናል ፐብሊሸርስ ተባለ። ዋናው ግንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቅርንጫፉ ሥር ሰደደ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ገዢው መጽሐፉን ያነበበ ሰው ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ያወጣው የመንግሥቱ ኩራዝ አሳታሚ ነው፤ መጽሐፉ ከገበያ የተሰበሰበው በቀናት ውስጥ ነው። በዓሉም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። «ኦሮማይ»ን ያቆየው አሳታሚ አልነበረም፤ በድብቅ እየተዋሰ ያነበበው ሰው ነበር። በ2025 በለንደንና በኒውዮርክ በእንግሊዝኛም ታተመ።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ደራሲ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ከኪሱ ከፍሎ ያሳትማል፤ በዚህ እናማርራለን፤ ማማረራችንም ትክክል ነው። ቢያንስ ግን መጽሐፉ ከደራሲው ጋር ይቀራል። አሁን ብቅ ብቅ ከሚሉት አሳታሚዎች ጋር ውል የሚፈርም ወጣት ደራሲ፣ ስለ ክፍያው ከመጠየቁ አስቀድሞ፣ መጽሐፉ ይህን ያህል ዓመት ሳይታተም ቢቀር ወይም ድርጅቱ ቢሸጥ መብቱ ወደ እርሱ የሚመለስበት አንቀጽ መኖሩን ይይ። ከሌለ ያስጨምር። አሳታሚው ቅር ካለው፣ የሚገዛው መጽሐፉን ነው ወይስ መደርደሪያውን ብሎ መጠየቅ ነው።