ገንዘቡ የት ገባ? ሰውስ የት ደረሰ?

የገንዘብ ድጋፍ ውል ከተፈረመበት ዕለት ጀምሮ ተቀባዩ ተቋም ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። አንደኛው ሕሙማንን ማከም ሲሆን ሁለተኛው ስለ ሕክምናው ለገንዘብ ሰጪው መልስ መስጠት ነው። ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣ ገንዘብ፣ የራሳችንም ሆነ የሌላ አገር መንግሥት፣ የግብር ከፋይ ገንዘብ ነውና ሪፖርት መጠየቁ ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ሪፖርቱ የሚመልሰውን ጥያቄ ነው። በአብዛኛው የሚመለሰው «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው ነው፤ «ሰውስ የት ደረሰ?» የሚለው ሳይመለስ ይቀራል።

አንድ የሩብ ዓመት ሪፖርት ቢገለጥ በቅድሚያ የሚታየው ከተመደበው በጀት ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደዋለ የሚያመለክት መቶኛ ነው። ቀጥሎ የሠልጣኞች ቁጥር፣ የስብሰባዎች ቁጥር፣ የተሠራጩ በራሪ ጽሑፎች ቁጥር ይመጣል። ይህ ጸሐፊ በሠራበት አንድ ጤና ጣቢያ፣ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት ሥልጠና ተጠርቶ ነበር። የተጠሩት ባለፈው ሩብ ዓመት በዚያው ርዕስ የሠለጠኑት ነርሶች ነበሩ። በሪፖርቱ ላይ ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር ተደመረ፤ ደረሰኙም የአበል ፊርማውም የተሟላ ነበር። አንድም የሐሰት ቃል አልተጻፈም፤ ሆኖም አንባቢው እውነቱን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።

ጉዳዩ የአንድ ጤና ጣቢያ ብቻ አይደለም። ኤድስን፣ ቲቢንና ወባን ለመዋጋት በአብዛኛው ከመንግሥታት በሚያገኘው ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ግሎባል ፈንድ፣ በዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤቱ በኩል ለኢትዮጵያ የሰጣቸውን ድጋፎች አስመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2012 የኦዲት ሪፖርት አውጥቷል። በገንዘቡ ጤና ጣቢያዎች ተገንብተው ነበር። ኦዲተሮቹ በአካል ተገኝተው ባዩዋቸው በርካታ ጤና ጣቢያዎች ግን ውኃ አልነበረም፤ የሚሠራ መጸዳጃ ቤት የሌላቸውና ወለላቸው የተሰነጠቀም ተገኝተዋል። ጤና ጣቢያ በሌለበት አገር መገንባቱ ትክክለኛ ፍላጎትን የመለሰ ሥራ ነበር። ነገር ግን «ተገነባ» የሚለው ቃል እናት ወልዳ የምትታጠብበት ውኃ ስለ መኖሩ የሚናገረው የለም።

የተሻለውን አሠራር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከቁስቋም ብዙም ሳይርቅ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ይገኛል። በዚህ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢን የማከም መርሐ ግብር በ2001 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ሆስፒታሉና ግሎባል ሄልዝ ኮሚቲ የተባለው ድርጅት በጋራ ያካሄዱት ነበር። ሥራው ወደ ጎንደርም ተስፋፋ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 «ቶራክስ» በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ሲታተም የ612 ሕሙማን መጨረሻ እንደሚከተለው ተገልጿል። 396 ድነዋል፤ 85 ሕክምናቸውን አጠናቀዋል፤ በ10ሩ ሕክምናው አልሠራም፤ 85 ሞተዋል፤ 36 ሕክምናውን አቋርጠው ጠፍተዋል።

አንባቢ ይደምር፤ 612 ይመጣል። የዚህ ዘገባ ክብር ሕክምናው ለ78.6 በመቶው መሳካቱ ብቻ አይደለም። የሞቱትም የጠፉትም በዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ አላቸው። የ612ቱም ሕሙማን መጨረሻ ተነግሯል።

ይህ ሳይንሳዊ ጥናት እንጂ ለለጋሽ የሚቀርብ ሪፖርት አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚቀዱት ከአንድ የሕሙማን መዝገብ ነው። ካሬል ስቲብሎ በታንዛንያ ያደራጀውና በኋላ ዓለም የተቀበለው የቲቢ ቁጥጥር ሥርዓት፣ እያንዳንዱ የተመዘገበ ሕመምተኛ የመጨረሻ ውጤት እንዲጻፍለት ያስገድዳል። በኢትዮጵያም ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ በሙከራ ተጀምሮ በየወረዳው ደርሷል። ስለዚህ ልማዱ በቤታችን አለ፤ የጎደለው ወደ ሌሎቹ ፕሮጀክቶች መሸጋገሩ ነው።

እንቅፋቱ ከተቀባዩ ብቻ የሚመነጭም አይደለም። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ ኦክቶበር 1። ስለሆነም አንዲት የመረጃ ሠራተኛ የአንዱን ክፍል ሕሙማን በአንድ ዓመት ውስጥ በተለያየ መነሻና መድረሻ ደጋግማ ትቆጥራለች። «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚለው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መርህ ይህን ለማስቀረት የታለመ ነበር፤ መርሁን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ የራሱን ቅጽ ይዞ የሚመጣው ለጋሽ ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤናው ዘርፍ ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ቀን የበጀት አጠቃቀም መቶኛ ማንንም አያድንም። የሚያስፈልገው ማን ሕክምና ላይ እንዳለ፣ መድኃኒቱ መቼ እንደሚያልቅ፣ የት እንደሚገኝ የሚናገር መዝገብ ነው።

ስለሆነም ይህ ጸሐፊ ሦስት ነገር ያሳስባል። አንደኛ፣ ማንኛውም የሩብ ዓመት ሪፖርት ከገንዘቡ ሰንጠረዥ አስቀድሞ የሰዎቹን ሰንጠረዥ ያቅርብ፤ ድምሩም ከጀመሩት ቁጥር ጋር ይመሳከር። ሁለተኛ፣ ሥልጠና በሠልጣኝ ቁጥር መመዘኑ ቀርቶ ከስድስት ወር በኋላ በሥራ ላይ በታየው ለውጥ ይመዘን። ሦስተኛ፣ ውሉ ሲፈረም መዝገቡ ለማን እንደሚተላለፍ አብሮ ይጻፍ፤ የሚቆጥረው ሠራተኛ ደመወዝም ወደ መንግሥት በጀት የሚዛወርበት ጊዜ ይወሰን።

የጠፉትን 36 ሰዎች መጻፍ የቻለ ሆስፒታል እነርሱን ፈልጎ ማግኘትም ይችላል። ያልጻፈ ግን መጥፋታቸውንም አያውቅም።