የመኪና ጥልፍ ውስጠኛ ፊት፤ ስለ ክር አቆራረጥና ስለ ጥልፍ አመዛዘን

ስለ አገር ልብስ ጌጥ የሚጻፉ ጽሑፎች ጥልፍን ሲመረምሩ በአብዛኛው የሚያተኩሩት በሦስት ነገሮች ላይ ነው፤ እነርሱም የሐረጉ ቅርጽ፥ የክሩ ቀለምና ጥልፉ በልብሱ ላይ የተቀመጠበት ስፍራ ናቸው። ሥራው በመኪና የተጠለፈ ሲሆን ግን «የመኪና ሥራ ነው» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል፤ ይህም የሰው እጅ አልነካውም፥ ስለዚህም ለፍርድ የሚበቃ ነገር የለውም እንደ ማለት ይቆጠራል። ይህ አስተያየት ትክክል አይደለም። በመኪና ጥልፍ የባለሙያው ችሎታ በግልጥ ከሚታወቅባቸው ስፍራዎች አንዱ ተመልካች የማያየው የጨርቁ ውስጠኛ ፊት ነው፤ ምልክቱም ትርፍ ክር የተቆረጠበት አኳኋን ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ጥለትን ከጥልፍ መለየት ይገባል። ጥለት በሸማኔው እጅ ከድርና ከማግ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ጨርቁና ጌጡ በአንድነት ይወለዳሉ። ጥልፍ ግን ተሠርቶ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚጨመር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የጥልፍ ክር የራሱ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ጠላፊው ከአንዱ መስቀል ወደ ሌላው መስቀል ሲሻገር ክሩ በሁለቱ መካከል ተዘርግቶ ይቀራል፤ ይህ ተሻጋሪ ክር ምን ሊደረግ እንደሚገባው መወሰን የሥራው አንድ ክፍል ነው።

መኪናዎቹም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጆስዌ ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1828 በሙሉዝ ከተማ የሠራው የጥልፍ መኪና በሁለት ወገን የሾሉ መርፌዎችን ከጨርቁ ወዲያና ወዲህ በማመላለስ የእጅን ሥራ ይከተል ነበር፤ ስለዚህ በፊትም በጀርባም የሚታየው ያው አንዱ ክር ነው። ኢዛክ ግሮብሊ እ.ኤ.አ. በ1863 በስዊስ አገር ያወጣው መኪና ግን በመርፌው ክር ላይ ሁለተኛ ክር ጨመረበት። በሰፊው የታወቀው የቦናዝ መኪና ደግሞ በቆልማማ መርፌ አንዱን ክር እንደ ሰንሰለት እያያያዘ ይሄዳል። ይህን ልዩነት ከፊት ሆኖ ማወቅ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፤ ጨርቁ ሲገለበጥ ግን ራሱ ይናገራል።

አቆራረጡም እንደ ስፌቱ ዓይነት ይለያያል። የሰንሰለት ስፌት መጨረሻው በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ አልፎ ካልታሰረ፥ ጫፉ አንድ ጊዜ ሲሳብ መላው መሥመር ይተረተራል። በሁለት ክር የሚሠራው ጥልፍ እንዲህ በቀላሉ ባይፈታም፥ ጫፉ ከመጨረሻው ስፌት እጅግ ተጠግቶ ከተቆረጠ ልብሱ በታጠበ ቍጥር እየሾለከ ይሄዳል። ረዝሞ የተተወ እንደ ሆነ ደግሞ በጣት ወይም በቀለበት ይያዛል፤ ሳሳ ባለ ነጭ ሸማ ላይም ቀዩ ወይም ጥቁሩ ክር እንደ ጥላ ሆኖ ወደ ውጭ ይታያል። እንግዲህ ክር መቁረጥ በሁለት ጉዳቶች መካከል ልክን መፈለግ ነው።

መልካም ባለሙያ ቅርጹን ሲጀምርና ሲጨርስ በአንድ ስፍራ ሁለት ሦስት ጥቃቅን ማሰሪያ ስፌቶች ይሰፋል። ተሻጋሪውን ክር ሌላ ስፌት ሳይሄድበት ይቆርጠዋል፤ ምክንያቱም አንዴ ከተሰፋበት በኋላ ንጹሕ አድርጎ ማውጣት አይቻልም። ክሩን በመጠኑ ቀና አድርጎ፥ ጫፉ የጎበጠ መቀስ ከጨርቁ ወደ ላይ አዙሮ፥ በፊት በኩል ጠጋ ብሎ ይቆርጣል፤ በውስጥ በኩል ግን ጥቂት ሚሊሜትር ይተዋል። ጨርቁን የነካ መቀስ የጠላፊውን ብቻ ሳይሆን የሸማኔውንና የፈታይዋንም ድካም ያጠፋልና።

ይሁን እንጂ አቆራረጥ ከመቀስ በፊት ይጀምራል። ቅርጾቹ የሚሰፉበት ተራ በሚገባ የታሰበ እንደ ሆነ፥ መሻገሪያው ኋላ በሌላ ስፌት በሚሸፈን መንገድ ያልፋል፤ መቆረጥ የሚገባውም ክር ያንሳል። ስለዚህ በውስጠኛው ፊት የሚታየው የቍርጥራጭ ብዛት የጠላፊውን ሐሳብ ያሳያል። በኮምፒዩተር የሚመሩት መኪናዎችም ቢሆኑ ይህን አላስቀሩትም። ብዙዎቹ ክሩን ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ ነገር ግን የስፌቱን ተራ የሚያዘጋጀው ሰው ነው፥ አጫጭሮቹንም መሻገሪያዎች ብዙ ጊዜ በመቀስ የሚያጠራው ሰው ነው። «ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው» እንደሚባለው፥ ማጥራቱ ለሌላ እጅ ሲተው የሥራው ስምም ከጠላፊው ጋር ብቻ ይቀራል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም ገበር ያለው ካባ ጀርባው ስለማይታይና ቆዳን ስለማይነካ፥ ውስጡን መመርመር ከንቱ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው በከፊል እውነት አለው። ለካባና ለነጠላ ቀሚስ አንድ መለኪያ ማቆም አይገባም። ዳሩ ግን ይህ ራሱ የሚያስረዳው፥ ጥልፍ ከሚለበስበት ሁኔታ ተለይቶ እንደ ሥዕል ብቻ ሊመዘን አለመቻሉን ነው።

ጉዳዩ ለቤተ መዘክር ሥራም ይጠቅማል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት ንብረቶች መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባለው በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም ስለ መቅደላ በተዘጋጀው ትርኢት ለሕዝብ ታይቷል። እንዲህ ያለ ልብስ በመስታወት ውስጥ ሲቆም ለተመልካች የሚቀርበው ውጫዊ ፊቱ ነው። የቆየ የእጅ ጥልፍ በመኪና ከተሠራ አምሳያው የሚለየው፥ የተጠገነውም ከመጀመሪያው ሥራ የሚታወቀው ግን ይበልጡን በውስጠኛው ፊት ነው። ስለዚህ የሚሰበሰብ ጥልፍ ሁሉ በሁለቱም ፊት ፎቶግራፍ ሊነሣ፥ የታችኛው ክር ቀለም፥ የማሰሪያው ዓይነትና የተቆረጠው ጫፍ ርዝመት በመዝገብ ሊጻፍ ይገባል። ወደ ስብስቡ ከመግባቱ በፊት «ለማሳመር» ተብሎ ትርፍ ክሩ የተቆረጠ ልብስ ከማስረጃው ከፊሉን አጥቷል።

የመኪና ጥልፍ ዛሬ በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ ከሚሸጡት ቀሚሶች በብዙዎቹ ላይ ይገኛል። አጥኚው ይህን ሥራ በጅምላ ሲንቅ ትጉሁንና ቸልተኛውን በአንድነት ይንቃል፤ ለብሳ የምታጥበው ሴት ግን ሁለቱን ትለያለች።