«ፐርሰናሊ»፣ «እንደ ሀገር»፣ «በዳኝነቴ»፦ በእንግሊዝኛ ሐረግ ስለሚገለጥ የሚና ልዩነት

የአማርኛ ንጽሕና የሚያሳስባቸው ጸሐፍት ደጋግመው የሚያነሡት ክስ፣ የተማረው ሰው በንግግሩ መካከል የእንግሊዝኛ ሐረግ የሚያስገባው ዕውቀቱን ለማሳየት ብቻ ነው የሚል ሲሆን፣ ክሱ በብዙ ስፍራ እውነትነት እንዳለው የሚክድ አይገኝም። ይሁን እንጂ ሐረጉ በተነገረበት ሰዓት የፈጸመው ግብር ሳይመረመር በደፈናው የተበየነ በመሆኑ ፍርዱ ሁለት ጊዜ ስቷል፤ በመጀመሪያ፣ ተናጋሪው ራሱን ከሹመቱ፣ ሐሳቡንም ከመሥሪያ ቤቱ ሐሳብ ለመለየት የሚይዘውን የባዕድ ሐረግ ከከንቱ ውዳሴ ፍለጋ ጋር ቀላቅሎ ኰነነ፤ ቀጥሎም ቃሉ አማርኛ፣ አሳቡ ግን እንግሊዝኛ የሆነውንና ጉዳቱ እጅግ የሚብሰውን አነጋገር፣ ለጆሮ ስላልጐረበጠ ብቻ ሳይጠይቅ አሳለፈው። ይህ ሐተታ የሚጻፈው ያ ፍርድ እንደገና እንዲታይ ነው።

ለምርመራው የምዕራብ ጎጃምን አገር የመረጥሁት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች፣ ከዚያም ወጥቶ ገበዝ ማርያምን በመሰለው ገጠር፣ የቅኔ ቤቱ ትምህርትና የመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ ቋንቋ በአንድ ሰው አንደበት ላይ ሲገናኙ ስለሚሰማ ነው። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው መኰንን የዊንጌት የጌዴዎን ጦር በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲዘልቅ የእንግሊዝኛ ድምፅ በዚህ መንገድ አልፏል፤ ሥር የሰደደው ግን በወረቀት ነው። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ ሕጉን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጐን ለጐን ስላወጣ፣ የጽሕፈት ቤቱ አማርኛ ከመነሻው ባልንጀራውን እያየ አደገ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ የዛሬው የወረዳ ባለሙያ ዕቅዱንና ሪፖርቱን የሚያስበው በተማረበት ልሳን ነው።

እስቲ በመጀመሪያ የተኰነነውን እንመልከት። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ፣ ደንብ ስለ ተላለፈ ተማሪ በሚመከርበት ሰዓት፣ አንድ ርእሰ መምህር «ፐርሰናሊ ልጁ ይቅርታ ቢደረግለት ደስ ይለኛል፤ አስ ኤ ዳይሬክተር ግን ደንቡን ማስከበር አለብኝ» ቢል፣ ንጽሕና ወዳዱ «በግሌ» የሚል የጠራ ቃል እያለን ይህ ምን አመጣው ብሎ ይቈጣል። ቍጣው የማያየው ነገር አለ። በዚያ አዳራሽ የተቀመጠው ርእሰ መምህር፣ ለአንዱ ወላጅ የክርስትና አባት፣ ለሌላው ማኅበርተኛ፣ ለሦስተኛው የዕድር ጓደኛ ነው፤ ስለዚህ «በግሌ» ባለ ጊዜ ሰሚው የሚሰማው ዘመዱን ነው፤ የዘመድም ቃል ቃል ኪዳን ስለሆነ፣ በማግሥቱ ሽማግሌ ይዞ ደጁ ላይ መቆሙ አይቀርም። «ፐርሰናሊ» ግን ከዝምድናው ውጭ የቆመ ቃል ነው፤ አበ ልጅነትም፣ ጉርብትናም፣ ውለታም አልተጻፈበትም፤ ተናጋሪው ይህን ስሜት እንደሚሰማው ይገልጣል፣ በስሜቱ ግን አይያዝም። ሐረጉ ባዕድ መሆኑ ድካሙ መስሎ ቢታይም፣ በዚህ ስፍራ ኃይሉ እርሱ ነው፤ ሰሚውም የድምፁን ለውጥ ወዲያው ስለሚለይ፣ አንዱ ሰው ሁለት ሥልጣን ይዞ እንደሚናገር ሳይነገረው ይረዳል። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ «ጉራ» ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

በተውሶ ከመጡት ምሳሌያዊ ሐረጎች መካከል ሁለቱን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። «ኮፍያዬን ልቀይርና ልናገር» የሚለው፣ ሚና በየሰዓቱ የሚወልቅና የሚጠለቅ ነው ከሚል አሳብ የተወለደ ስለሆነ፣ ካህን ጥምጥሙን ቢፈታ እንኳ ክህነቱን በማይፈታበት አገር ሥር የለውም። «የሰይጣን ጠበቃ ልሁን» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይቈጠራል። ስያሜው የሮማ ቤተ ክርስቲያን ለቅድስና የታጨን ሰው ሕይወት የሚቃወም ተከራካሪ ካቆመችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1587 በሲክስተስ 5ኛ ዘመን ከጸናው ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ያ ሥርዓት አልነበረም፤ የነበረው ተጠየቅ ነው፤ የነበረው በላ ልበልሃ ነው፤ ባላንጣው የሚለውን አስቀድሞ አስቦ የሚከራከር ነገር ዐዋቂ፣ ለዚያ ተግባሩ ሰይጣንን መጥራት አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመለሳለሁ፤ በዚህ ላይ ብዘገይ አንባቢ ይታገሠኝ። አማርኛ አንድ ሰው በምን ሥልጣን እንደሚናገር ለመለየት የጸና ሥርዓት አለው፤ በስሙ ላይ «ነት»ን ይጨምርና በ«በ» ያስረዋል፦ በዳኝነቴ፣ በአባትነቴ፣ በገበዝነቱ። «እንደ» ግን ከሰው ወይም ከነገር ስም ፊት ብቻውን ሲቆም ምሳሌን ያመለክታል፤ «እንደ አባት መከረኝ» ያለ ሰው፣ መካሪው ወላጁ እንዳልሆነ እየነገረን ነው። «እንደ» ለሹመትና ለግብር በዋለበት ስፍራም ቢሆን «ነት»ን አይለቅም፤ «እንደ አባትነቴ» ሲባል፣ አባትነቴ እንደሚያዝዘኝ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ሥልጣንን ሲጠራ ግዴታንም አብሮ ይጠራል። የእንግሊዝኛው «አስ» ግን ንጽጽርንም ሹመትንም ስለሚሸከም፣ የሪፖርት ጸሐፊው በችኰላ ወደ «እንደ» መለሰው፤ «ነት»ንም ጣለው፤ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባም ወደ ራዲዮና ወደ ቴሌቪዥን ተላልፎ፣ «እንደ ሀገር ተግዳሮት ገጥሞናል»፣ «እንደ ዞን ዕቅዳችንን አሳክተናል»፣ «እንደ ወረዳ የማዳበሪያ እጥረት የለም» የሚል አነጋገር የሹመት ልሳን ሆነ።

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር በበቆሎው በታወቀው በዚህ አገር የሚኖር ገበሬ፣ ዝናቡ ገብቶ ማዳበሪያ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በር ላይ በሚጠብቅበት ጊዜ ሰማው እንበል። የመለሰለት ማን ነው? ሰውዬው አይደለም፤ ምክንያቱም «እኔ» አላለም። ሹመቱም አይደለም፤ ምክንያቱም «በአስተዳዳሪነቴ» አላለም። የመለሰው «ወረዳ» ነው እንዳይባል፣ ወረዳ አፍ የለውም፤ ተናጋሪውም ወረዳውን ከመምሰል በቀር ወረዳውን ልወክል አላለም። «በአስተዳዳሪነቴ እጥረት እንደሌለ አረጋግጫለሁ» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ «በአስተዳዳሪነትህ መቼ፣ ከማን፣ በምን አረጋገጥህ?» የሚለው ጥያቄ ራሱን ችሎ በተከተለ ነበር። «እንደ ወረዳ» ይህን ጥያቄ ሳይወለድ ያስቀረዋል። ስለዚህ ይህን አነጋገር የሰዋስው ግድፈት ብቻ አድርገው የሚያርሙት መምህራን አቅልለውታል እላለሁ፤ ተጠያቂ የሚሆነውን ሰው ከንግግሩ ውስጥ የሚያወጣ፣ ሕዝብንም የሚበድል አነጋገር ነው። ክፋቱንም የሚያብሰው፣ «ፐርሰናሊ» ባዕድነቱን በግልጥ ይዞ ሲመጣ፣ ይህ ግን አማርኛ መስሎ መግባቱ ነው።

በሊቃውንቱ ዘንድ ይህ ልዩነት እንዲህ በቀላል የሚታይ አልነበረም። ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ የስም፣ የአካልና የግብር ሦስትነትን ለያይተው ያመሠጥራሉ፤ በዚህ ትምህርት ያደገ ተማሪም ግብር ሲጠራ የማን አካል ግብር እንደ ሆነ መጠየቅን ይለምዳል። ከዚህም በላይ፣ ጎጃም ከዋና መናኸሪያዎቹ አንዱ የነበረበት የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር፣ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት በቦሩ ሜዳ የተበየነበት፣ «በተዋሕዶ ከበረ» እና «በቅብዐት ከበረ» በሚሉት መካከል የነበረ ነው፤ «በ» ከተባለ በኋላ የሚመጣው ስም የሃይማኖት መለያ ሆኖ ትውልድን ያከራከረ መሆኑን ያሰበ ሰው፣ ይህች አንዲት ፊደል የምትሸከመውን ክብደት አይንቅም። ያንን ክርክር በደሙ የወረሰ አገር «በአስተዳዳሪነቴ»ን ትቶ «እንደ ወረዳ» ሲል መስማት ያሳዝነኛል።

ተቃራኒ አሳቦችን ስለሚያነጻጽሩት ሐረጎች ግን ፍርዴ ይለሰልሳል። «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» የሚለው በዛሬው አገባቡ ከእንግሊዝኛው አነጋገር ጋር እንደሚራመድ ግልጥ ቢሆንም፣ «እኔ በበኩሌ» የሚለው የቀደመ አነጋገር መንገዱን አዘጋጅቶለት ስለ ነበረ፣ ገብቶ ቤተኛ ሆኗል፤ አሁን ቢያስወጡት ጉዳት ነው። በዚህ ሐረግ ላይ አንድ ነቀፋ ብቻ አለኝ። እንግሊዝኛው በሁለት እጅ ስለሚመስል፣ አሳብን ሁሉ ሁለት ያደርገዋል፤ የአንድምታው መምህር ግን «አንድም» እያለ ሦስትም አምስትም ትርጓሜ ሲደረድር፣ የኋለኛው የፊተኛውን ሐሰት ሳያሰኘው ሁሉም በአንድ ንባብ ሥር ይቀመጣሉ። ከየኔታ እግር ሥር ይህን የሰማ ተማሪ ወደ ከተማ ወርዶ ሪፖርት ሲጽፍ፣ የነገሩን ብዙ ፊት «ጥንካሬ» እና «ድክመት» በሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ እንዲከፍል ሲገደድ፣ የያዘውን ሰፊ ሥርዓት ጥሎ ጠባቡን ይይዛል። ለዚህ ተማሪ ሊያዝኑለት የሚገባቸው የቋንቋ ጠበቆች በአፉ ስላመለጠው «ኦን ዘ አዘር ሃንድ» ሲገሥጹት ይውላሉ።

የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ብዙ ዘመን በውጭ አገር በዲፕሎማሲ ሥራ ቢኖሩም፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣን የተወለደበትን ወገን ሥርዓት የሚነቅፍ ዘመድ አድርገው ሲያቆሙት፣ ዘመድነቱንና ነቃፊነቱን ለመለየት የባዕድ ሐረግ አላስፈለጋቸውም፤ የማዕርግ ስሙ፣ የዝምድናው ጥሪ፣ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚሉት መጠሪያዎች ማን ለማን በምን ወገን እንደሚናገር ለአንባቢ ያሳውቃሉ። ይህን የምጠቅሰው የዛሬው ርእሰ መምህር እንደ ልቦለድ ደራሲ ይናገር ለማለት አይደለም፤ ደራሲ ቃሉን የሚመርጥበት ጊዜ አለው፣ ርእሰ መምህሩ ግን የሚመልሰው ወላጁ ፊቱ ተቀምጦ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «በ…ነት» የሞተ ሥርዓት መስሎ እንዳይታይ፣ እስከ ዛሬ ሳይነካ የኖረበትን ስፍራ ማመልከት ይገባኛል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ፍርድ ቤቶች አካባቢ በአነስተኛ ጠረጴዛ ላይ የባለጉዳይን አቤቱታ የሚያዘጋጁት ራፖር ጸሐፊዎች፣ ቋንቋቸው የተሰለቸ ነው እየተባለ ቢናቅም፣ በእኔ ግምት በአሁኑ ሰዓት ከሹመኞቹም፣ ከጋዜጠኞቹም፣ ከእኛ ከሐያስያኑም ይልቅ አማርኛን በዚህ ረገድ የጠበቁ እነርሱ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ሌላ ሰው ሆኖ የሚከስ ሰው ይህንኑ በክሱ እንዲገልጥ ስለሚያስገድድ፣ አንዲት እናት የሟች ባሏን መሬት ለማስመለስ ስትመጣ ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «እቴ፣ በሚስትነትሽ ነው ወይስ በልጆቹ ሞግዚትነት?» ብሎ ይጠይቃታል፤ ሁለቱንም ከሆነ ሁለቱንም ይጽፋል፣ እያንዳንዱንም ከሚያስረዳው ማስረጃ ጋር ለየብቻ ያያይዘዋል። «እንደ ቤተሰብ» ብትለው መልሶ ይጠይቃታል እንጂ አይጽፍላትም።