መንገድ የማይችል ፍሬ

ግንቦት ገብቶ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ሲሆን ከጊሽጣዬ ሥር እቆማለሁ። ኪሴ ውስጥ ባዶ የክብሪት ቀፎ፣ እጄ ላይ ልጆች ለሥዕል የሚጠቀሙበት ቀጭን ብሩሽ አለ። መጀመሪያ ያዩኝ ቀን ጎረቤታችን እትዬ በአጥሩ አሻግረው «ምን ጠፍቶብህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አበባ ላጋባ ነው እትዬ።»

«ንቡ የት ሄዶ?»

ጥያቄያቸው የእኔም ጥያቄ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ዛፉ አበባ ሲያፈስ፣ አበባው ሲረግፍ፣ አልፎ አልፎ የቀረውም ፍሬ በአንድ ጎኑ ተጎድጉዶና ተጣሞ ሲያድግ እያየሁ፣ ርቦት ነው ብዬ ፍግ ስጨምርለት ኖሬያለሁ። ፍጉ ያመጣው ቅጠል ነው። ዛፉ በየዓመቱ እየጠቆረና እየተንዠረገገ ሄደ፤ ፍሬው ግን ያው።

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው፤ ከፍታችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ግቢዬ ያለው ጊሽጣ የቆላው ሳይሆን ቼሪሞያ የሚባለው የደጋ ዓይነት ነው። አገሩ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች እንደሆኑ ይነገራል። ስሙ ከኬችዋ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የብርድ ዘር» እንደ ማለት ነው፤ ከፍታ ላይ ስለሚበቅል። ፍሬ የማይዝበት ምክንያት የገባኝ አንድ ቀን አበባውን ቆርጬ በጥፍሬ ስከፍተው ነው። የጊሽጣ አበባ አበባ አይመስልም፤ ሦስት ወፍራም፣ ቢጫማ አረንጓዴ፣ ላባ የሚመስሉ ቅጠሎች ቁልቁል ተንጠልጥለው ተቀራርበዋል። መጀመሪያ በትንሹ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለችው ሾጣጣ እርጥብ ናት፣ ታብረቀርቃለች። አበባው ያኔ ሴት ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ላባዎቹ ወለል ብለው ይከፈታሉ፤ ብናኙም ይራገፋል። አሁን ወንድ ሆኗል፤ ግን ሾጣጣዋ ደርቃለች። አንዱ አበባ ከራሱ ጋር እምብዛም አይገናኝም። በአገሩ ይህን ሥራ የሚሠሩለት በጠባቧ ስንጥቅ ሾልከው የሚገቡ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው። ንብ ለዚህ አትሆንም።

የፍሬው መጣመምም ከዚሁ ነው። አንድ ጊሽጣ የብዙ ትንንሽ ፍሬዎች ጥርቅም ስለሆነ ብናኝ ያልደረሰው ጎን አያብጥም።

ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ወለል ካሉት አበቦች ብናኙን ወደ ክብሪት ቀፎው አራግፋለሁ። ከዚያ ገና በስንጥቅ ያሉትን እፈልጋለሁ። ላባዎቹን በሁለት ጣቴ ቀስ አድርጌ ፈልቅቄ ብሩሹን ሾጣጣዋ ዙሪያ አዞራለሁ፤ አንድ ጎን እንዳይቀር ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቀኑ ከመሸብኝ ብናኙን አሳድሬ በማለዳ እጨርሳለሁ። የምመርጠው ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ያለውን አበባ ነው፤ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ፍሬ ሲከብድ ቅርንጫፉን ይሰብራል። በአንድ ዓመት ከ30 አበባ በላይ አልነካም። ግንቦት ደረቅ ስለሆነ ከዛፉ ሥር ጉዝጓዙን አበዛለሁ፣ ውሃም አጠጣለሁ፤ አየሩ ሲደርቅ ሾጣጣዋም ቶሎ ትደርቃለች። ያገባኋቸው አበቦች ሳይረግፉ ቆይተው ከላባው ሥር እንደ አተር ያለች አረንጓዴ ጉብታ ያየሁባት ጠዋት እስካሁን አትረሳኝም።

ወገኖቼ «ይህን ሁሉ ድካም፣ ከገበያ አይገዛም?» ይሉኛል። አይገዛም፤ ለዚህ ነው የምለፋው። ገበያ የሚመርጠው ጣፋጩን ሳይሆን መንገድ የሚችለውን ነው። ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ማንጎ የጭነት መኪና እንዲችል ሳይበስል ይቆረጣል። የበሰለ ጊሽጣ ግን በእጅ ሲይዙት የጣት አሻራ ይቀርበታል፤ ሳጥን ውስጥ ቢደራረብ ገንፎ ይሆናል። ካዝሚር ከዚህም ይብሳል። ካዝሚር ስሙን ያገኘው በሜክሲኮ የነጻነት ጦርነት ከተዋጋው ካሲሚሮ ጎሜዝ ከሚባል የኦቶሚ ሰው ነው፤ የጥንት ሜክሲኮዎች ደግሞ ያስተኛል ብለው በራሳቸው ቋንቋ የሰጡትን ስም ከእንቅልፍ ጋር አያይዘውታል። ልጣጩ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ከዛፉ ወድቆ የተመታበት ቦታ ይመራል። እኔ ገና ጠንካራ ሳለ ከነእጀታው በመቀስ ቆርጬ፣ ጭድ ላይ ሳይነካካ አስተኝቼ አበስለዋለሁ። አንድ ምክር፦ ከዘር ካበቀላችሁት ሰባትና ስምንት ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላልና የተዳቀለ ችግኝ ፈልጉ።

ከፍታውን የማያውቅ ዘር ግን አያስደስትም። አንድ ወዳጄ ከባሕር ማዶ ራምቡታን የሚባል ፀጉራም ፍሬ ዘር በሻንጣ አምጥቶልኝ ነበር። በቀለ፣ ሁለት ቅጠል አወጣ፣ የኅዳር ሌሊት ብርድ ሲመጣ ጠቁሮ ሞተ። የዝናባማ ቆላ ዛፍ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ደግሞም በሻንጣ የሚገባ ዘር በሽታና ተባይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ወዲህ አልተቀበልኩም።

ጊሽጣው የሚደርሰው ታኅሣሥ አካባቢ ነው። ጥቁር አረንጓዴው ልጣጭ ገርጥቶ ወደ ቢጫ ሲያደላ እቆርጠዋለሁ። ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ሳይለሰልስ ፍሪጅ ከገባ ይጠቁርና ጣዕሙ ይጠፋል። በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ በሰለ አቮካዶ እሺ ካለ፣ ያኔ ለአንድ ሰዓት አቀዘቅዘዋለሁ፤ ለሁለት ከፍዬ በማንኪያ እበላዋለሁ። ውስጡ እንደ እርጎ ነጭ፣ ሙዝም አናናስም የሚመስል፣ መጨረሻው ላይ ቀጠን ያለ ኮምጣጣነት ያለው ነው። ጥቁሩን ዘር ትፉት። ጁስ ስትሠሩም በመፍጫ አታድቅቁት፤ ዘሩ ተፈጭቶ ከተጠጣ መርዛማ ነው። በወንፊት አጥሉት።

ባለፈው ታኅሣሥ ከሁሉ ትልቁን በሳህን አድርጌ በሁለት እጄ ይዤ ወደ እትዬ ሄድኩ፤ በፌስታል አይሆንም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቀስ እያሉ በሉት፣ ዘሩን አንድ በአንድ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደሩ። ሰሞኑን ስሄድ ከበራቸው አጠገብ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ አራት ችግኝ ቆሟል። ቅጠሉን በጣታቸው ዳበስ አድርገው «ብሩሽህን መቼ ታውሰኛለህ?» አሉኝ።

«ገና አራት፣ አምስት ዓመት ይቀረዋል እትዬ።»

«ይሁን። አንተ ብቻ እንዳትጥለው።»