የኪሊማንጃሮ በረዶና የእማማ ኩበት

ነገሩ የተነሳው እህቴ ቤት፣ በእሑድ ከሰዓት ቡና ላይ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ደብተሯን ዘርግታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እናቴ ከመንዝ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው፤ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ቡናው እስኪፈላ ትጠብቃለች። ልጅቱ ድንገት ቀና አለችና፣ «እማማ፣ የዓለምን አየር ያበላሻችሁት እኮ እናንተ ናችሁ፤ እንጨትና ኩበት ስለምታነዱ» አለቻት። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች። ጥቂት ቆይታ ግን ወደ እኔ ዞረችና፣ «እውነት ነው እንዴ? ዝናቡን ያስቀረነው እኛ ነን?» ስትል ጠየቀችኝ። የጠየቀችኝ በቀልድ አልነበረም።

ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። ገጹ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል። በግራ በኩል «የተፈጥሮ መንስኤዎች» ይልና እሳተ ገሞራን፣ የፀሐይ ጨረርን፣ የመሬት ምሕዋርን ይዘረዝራል። በቀኝ በኩል «ሰው ሠራሽ መንስኤዎች» ይልና የደን ጭፍጨፋን፣ ማገዶን፣ ፋብሪካን፣ መኪናን ይዘረዝራል። በቃ። የትኛው ምን ያህል እንደሚመዝን፣ መቼ እንደሠራ፣ በምን እንደታወቀ አንድም ቃል የለም። «ለፈተና ይህ ይበቃል» አለችኝ የእህቴ ልጅ። መምህራቸው ትምህርቱን ለማዳበር ብለው አንድ ፊልም እንዳሳዩአቸውም ነገረችኝ፤ የአል ጎርን «አን ኢንኮንቪኒየንት ትሩዝ»፣ በእኛው ቋንቋ «የማይመች እውነት» ልንለው የምንችለውን። ፊልሙን ከዓመታት በኋላ እንደገና ተቀምጬ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ዴቪስ ጉግንሃይም ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። በ2007 በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ተሸለመ። በዚያው ዓመት አል ጎር ራሳቸው ከዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፈሉ። ፊልሙ በአመዛኙ አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ሥዕል እያሳየ የሚያወራበት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ያሰለቻል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል። አል ጎር ተረት አዋቂ ናቸው። በተለይ አንድ ትዕይንት አይረሳም፤ ባለፉት 650,000 ዓመታት በአየር ውስጥ የነበረውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የሚያሳየው መስመር በግድግዳው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይቆይና፣ ወደ እኛ ዘመን ሲደርስ ጣሪያ ይነካል። ሰውዬው ጫፉን ለማሳየት በማንሻ መሣሪያ ወደ ላይ ይወጣሉ። እንደ አስተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይደረጋል?

ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚሁ ትዕይንት ነው። ከጋዙ መስመር ጋር የሙቀት መስመር አብሮ ይታያል፤ ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። አል ጎር ግንኙነቱ ውስብስብ ነው ይሉና ያልፉታል። ያለፉት ግን የትምህርቱን እምብርት ነው። በጥንቱ ዘመን ነገሩን የሚጀምረው የመሬት ምሕዋርና የዘንጓ ዘመም ማለት ነው፤ በአሥር ሺዎች ዓመታት በሚቆጠር ዑደት የፀሐይን ብርሃን አከፋፈል ይለውጣሉ፣ ሙቀት ይጀምራል፣ የሞቀው ውቅያኖስ ጋዙን ይለቃል፣ ጋዙም በተራው ሙቀቱን ያባብሰዋል። ዛሬ ግን ጋዙ ቀድሟል፤ የለቀቅነውም እኛ ነን። ይህን ያልተነገረው ተማሪ ነገ አንድ ተጠራጣሪ መጥቶ «ድሮስ ሙቀቱ ይቀድም አልነበር?» ቢለው መልስ የለውም። የእህቴ ልጅ ሁለት ዓምዶች በእውነተኛው ዓለም በመስመር የተለያዩ አይደሉም፤ ተፈጥሮና ሰው በአንድ መሣሪያ ላይ ነው የሚሠሩት።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የእንግሊዝ መንግሥት ፊልሙን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለማደል ሲወስን አንድ አባት ከሰሰ። በጥቅምት 2007 ዳኛ ማይክል በርተን ፊልሙ በመሠረቱ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ሳይንሱ ከሚለው አልፎ የሄደባቸው ዘጠኝ ቦታዎች አሉ፣ ስለዚህ ከመምህራን መመሪያ ጋር ይታይ ሲሉ ወሰኑ። ከዘጠኙ ሁለቱ የእኛው ሰፈር ናቸው፤ የኪሊማንጃሮ በረዶና የቻድ ሐይቅ። የኪሊማንጃሮ በረዶ መሸሽ የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው፤ የአካባቢው አየር መድረቅ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አጥኚዎች ጽፈዋል። የቻድ ሐይቅም ከዝናብ ማነስ ሌላ የሕዝብ ብዛትና የመስኖ ጣጣ አለበት።

ለዚህ ሩቅ መሄድም አያሻንም። የሐሮማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ ብዙዎቻችን የአየር ለውጥ ነው አልን። ከሐይቁ የሐረር ከተማ ትጠጣ ነበር፤ የጫትና የአትክልት ማሳ በፓምፕ ይስብ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለልም ይሞላው ነበር። ውሃው በቅርብ ዓመታት ተመልሷል። የደረቀ ሐይቅ ሁሉ አንድ ምክንያት የለውም። አፍሪካ በፊልሙ ውስጥ የምትገባው እንደ ማሳያ ሥዕል መሆኗ የሚጎዳን እዚህ ላይ ነው፤ ሥዕል ደግሞ አይመረመርም፣ ይታዘንለታል እንጂ።

የተፈጥሮን ዓምድ እንዲሁ በሦስት መስመር የሚያልፈው መምህርም ያጣው ነገር ብዙ ነው። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ያንን ዝናብ ያመጣው የመሬት ምሕዋር ነው። ከዚያም በፊት የባሌ ተራሮች አናት የበረዶ ግግር ተሸክሞ ነበር። በ1815 የኢንዶኔዥያው ታምቦራ ሲፈነዳ፣ በተከታዩ ዓመት አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በጋቸውን አጡ። በ1991 የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ ዓለምን ለአንድ ሁለት ዓመት በግማሽ ዲግሪ ገደማ አቀዘቀዘ። ይህን የተማረ ልጅ ራሱ ይጠይቃል፤ «ታዲያ ያሁኑስ ተፈጥሮ ነው?» መልሱ አለ። ፀሐይ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሳተላይት ስትለካ ቆይታለች፤ ኃይሏ አልጨመረም። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛው የአየር ሽፋንም አብሮ በሞቀ ነበር፤ እሱ ግን ቀዝቅዟል፣ የሞቀው የታችኛው ነው። እሳተ ገሞራዎች በዓመት የሚተፉት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ ከሚለቀው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከፋብሪካ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ ገደማ የነበረው ይህ ጋዝ ዛሬ ከ420 አልፏል። ጥፋተኛው በስሜት ሳይሆን በምርመራ ተያዘ ማለት ነው።

ወደ እናቴ ልመለስ። አል ጎር በ1992 ባወጡት መጽሐፍ ኢትዮጵያ በአርባ ዓመት ውስጥ ከመቶ 40 የነበረው ደኗ ወደ 1 ወረደ የሚል ነገር ጽፈዋል። የእኛም መምህራን 40 ወደ 3 ወረደ እያሉ አስተምረውናል፤ እኔም ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1997 ይህ የ40 ቁጥር ጠንካራ መሠረት እንደሌለው አሳይተዋል። በኋላም መንግሥት የደንን ትርጉም አሻሽሎ ሲቆጥር 15.5 ከመቶ ተገኘ። ደን አልተጨፈጨፈም ማለቴ አይደለም፤ ተጨፍጭፏል። ነገር ግን በአንድ ባልተጣራ ቁጥር አንድ ገበሬ ትውልድ በሙሉ ተከሷል።

በኩበቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ላሟ ባለፈው ክረምት ከበላችው ሣር የመጣ፣ ሣሩም ከአየር የወሰደው ነው፤ ሲነድ ወደነበረበት ይመለሳል። ነዳጅ ዘይት ግን ለሚሊዮን ዓመታት የተቀበረውን አውጥቶ ይጨምራል። ኩበት ማንደድ ጉዳት የለውም አልልም፤ ማሳውን ማዳበሪያ ያሳጣዋል፣ ጭሱም የእናቴን ዓይን አጥፍቷል። ደግሞም በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ነን፤ ከብቶቻችን የሚያወጡት ሚቴን መቆጠር አለበት። ሆኖም ኢትዮጵያ ከከሰል ድንጋይ፣ ከነዳጅና ከሲሚንቶ የምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዓለሙ ድምር ከመቶ የአንድ አሥረኛም አይደርስም። «ማገዶ» እና «ፋብሪካ» በአንድ ዓምድ፣ በእኩል ነጥብ ሲሰለፉ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ይህን ለአንድ መምህር ወዳጄ ባነሳለት፣ «ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሁለት ዓምድ ካልሰጠሁ ምን ልስጥ? ደግሞስ ጥፋቱ የፈረንጅ ነው ካልናቸው ማን ችግኝ ይተክላል?» አለኝ። የመጀመሪያው ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። ችግኝ አፈር ይይዛል፣ ምንጭ ያቆያል፣ ጥላ ይሆናል፤ ለመትከል ይህ ይበቃል። ልጅን በሐሰት ጥፋተኝነት ማስተከል እውነቱን ያወቀ ዕለት መንቀል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄው ያለኝ መልስ ትንሽ ነው፤ ሦስተኛ ዓምድ ይጨመር። ርእሱም «በምን ታወቀ?» ይባል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማስመሪያና እስክሪብቶ ይበቃዋል።

በዚያ እሑድ ከእህቴ ልጅ ጋር ይህንኑ አሰመርን። ብዙው ቦታ ባዶ ቀረ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ እሷው ራሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ አያቷ ተጠጋችና፣ «እማማ፣ እናንተ አገር በልግ መዝነብ የተወው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትል ጠየቀቻት። እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና በልጆቿ ልደት፣ በሞቱባት በሬዎች፣ በተዳሩት እህቶቿ ዓመቱን ትቆጥር ጀመር። ልጅቱም ትጽፍ ነበር።