ወጀብን ስለ ማሳደድና ስለ አንድ ፊልም

በሳሪስ የክረምት ሰማይ ሲጠቁር አዋቂው የተሰጣውን ለማንሣት፥ ልጁም ከበረዶው ለመሸሽ ይሮጣል። በዘመናችን ግን ወደ ወጀቡ የሚሮጡ ወጣቶች ተነሥተዋል። አንድ የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ክረምት በጓደኛው መኪና ሆኖ፥ ደመናውን በደብረ ዘይት መንገድ እየተከተለ እስከ አቃቂ ወንዝ ሄዶ ነበር። ማታ ተመልሶ፥ «ጋሼ፥ ይመልከቱት» ብሎ በስልኩ ያነሣውን አሳየኝ። ያማረ ነው፤ ማማሩን አልክድም። ዳሩ ግን በሥዕሉ ጥግ አንዲት ሴት ፍራሽ ተሸክማ ከውሃ ከገባ ቤት ስትወጣ ታየችና ወዲያው ስልኩ ወደ ሰማይ ዞረ። ለምን እንዳዞረው ብጠይቀው፥ «ደመናው እንዳያመልጠኝ ነው» አለኝ።

ይህን ፍቅር ከወዴት እንዳመጣው ስመረምር «ትዊስተር» የሚባለውን የአሜሪካ ፊልም ጠቀሰልኝ። እኔም ከእርሱ ጋራ ተቀምጬ አየሁት።

ፊልሙ በ1988 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ያዘጋጀው ያን ዴ ቦንት ነው። ጆ የምትባል ሴት በልጅነቷ አባቷን አውሎ ነፋስ ነጥቆባታል። ካደገች በኋላ ብዙ ትናንሽ መለኪያዎች የተሞላ በርሜል መሳይ ዕቃ በነፋሱ መንገድ ላይ ለማኖር በኦክላሆማ ሜዳ ትሮጣለች፤ አሳቧም ሕዝቡ አስቀድሞ እንዲጠነቀቅ ነው። አሳቡ የተከበረ ነው። ነገር ግን አዘጋጁ ላም በአየር ላይ ስትበር ያሳየንና ያስቀናል፤ የላሚቱ ባለቤት ግን ከቶ አይታይም። የላም ዋጋ በምናውቅ በእኛ አገር ይህ እንዴት እንደሚያስቅ አላውቅም። በመጨረሻም ጆና ባሏ ራሳቸውን በጠፍር ከቧንቧ ጋራ አስረው፥ ቤቱን ከመሠረቱ የነቀለውን ነፋስ በደኅና ያሳልፋሉ። ይህ ወጣትን የሚያታልል ነው።

እውነተኛውን ነገር ለሚፈልግ የቲም ሳማራስ ታሪክ አለ። ይህ ሰው በሰኔ 1995 ዓ.ም. በሳውዝ ዳኮታ መለኪያውን በአውሎ ነፋስ መንገድ አኑሮ የአየሩ ግፊት 100 ሚሊባር ያህል ሲወርድ መዝግቦአል። በጥንቃቄውም የታወቀ ነበረ። እንዲሁም ሆኖ በግንቦት 23 ቀን 2005 ዓ.ም. በኤል ሬኖ አጠገብ፥ ወርዱ ከ4 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ አውሎ ነፋስ ውስጥ ከልጁ ከፖልና ከባልደረባው ከካርል ያንግ ጋራ ሞተ። የሚያድን ጠፍር አልነበረም።

ከፊልሙ ሁሉ የማረከኝ ልጁ ያላስተዋለው ክፍል ነው። የጆ አክስት ቤት ፈርሶ፥ አክስቲቱም ከፍርስራሹ ከወጣች በኋላ፥ ጆ አክስቷ የሠራቻቸው ጌጦች በነፋስ ሲሽከረከሩ ታያለች። መለኪያዎቹ ክንፍ ስለሌላቸው እንዳልበረሩ የገባት ያን ጊዜ ነው፤ የለስላሳ ቆርቆሮ ቈርጠው ክንፍ ይሠሩላቸዋል። ስንት ማይል ስትሮጥ ያላገኘችውን ዕውቀት ከተጎዳው ሰው ደጅ ቆማ አገኘችው። አዘጋጁ በዚህ ስፍራ ጥቂት ቢቆይ ምንኛ በጎ በሆነ! ነገር ግን ወዲያው አክስቲቱን ትቶ ወደ ሩጫው ይመለሳል።

ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ጨዋታ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማይቱን ውሃ ሰብስበው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ በነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ድንገት የደረሰ ጎርፍ ሰባት ሰዎችን ገድሎአል። ውሃው በስንት ሰዓት እንደ መጣ፥ በየትኛው ግድግዳ ላይ እስከ ስንት ክንድ እንደ ወጣ የሚያሳይ ሥዕል ቢኖር ከወንዙ ዳር ለሚያድሩት ሁሉ በጠቀመ ነበር።

ይህን ለልጁ ነገርኩት። እርሱም አሰበና፥ በዚያች ሴት ግድግዳ ላይ ውሃው የት ድረስ እንደ ደረሰ ለማየት ሥዕሉን ከመጀመሪያው ከፈተው። ሴትዮዋ ታየች፤ ፍራሹም ታየ፤ ግድግዳው ሊታይ ሲል ሰማዩ መጣ። ሁለት ጊዜ ደግሞ መለሰው።