ተማንያ፣ ሰማንያ

ለልብ ወለድ ጥንታዊ ቋንቋ መፍጠር የፈለገ ሰው የላቲንን ሥረ ቃል ያነሣና በጀርመናውያን ቋንቋዎች የድምፅ ለውጥ ያሳልፈዋል እንበል። ለውጡን ያኮብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 በሥርዓት ዘርዝሮታል፦ «ፕ» «ፍ» ይሆናል፣ «ክ» ደግሞ «ህ»። በዚህ ሕግ ሜዳ ማለት የሆነው የላቲኑ «ካምፑስ» «ሃምፉስ» ሆኖ ይወጣል። «ሃምፉስ» የትም አገር ተነግሮ አያውቅም፤ ዘሩን ግን ያለ ስህተት መቁጠር ይቻላል።

ጎበዝ ሠሪ እዚህ ላይ አያቆምም፤ የድምፅ ሕግ ዕድሜ እንዳለው ያውቃልና። ጀርመናውያን ይህንኑ «ካምፑስ» በኋላ ከሮማውያን ሲዋሱ ሕጉ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ጀርመንኛ ውጊያን «ካምፕፍ» ሲል «ክ» ሳትነካ ትሰማለች።

ይህን ጥበብ በጆሮው ማረጋገጥ የሚሻ ጅዳና መካ ይስማ። በሴም ቋንቋዎች አያት ዘንድ «ስምንት» ይጀምር የነበረው ምላስን በጥርሶች መካከል አውጥተው በሚናገሩት ድምፅ ነው። የመጽሐፉ ዓረብኛ እስከ ዛሬ ጠብቆታል። ግእዝ ወደ «ስ» ለውጦ «ሰማኒ» አለ፤ ዕብራይስጥ ወደ «ሽ» ወስዶ «ሽሞኔ»። የጅዳና የመካ ከተሜ ደግሞ በ«ት» «ተማንያ» ይላል። ባለሱቁ «ተማንያ ሪያል» ሲል የእኛ ሰው ጆሮ ወደ ሰማንያ ቢያዘነብል አይፈረድበትም፤ ሥሩ አንድ ነው።

ከሁሉ የረቀቀው ግን «መሰለን» ነው። የጅዳ ሰው «ለምሳሌ» ማለት ሲፈልግ የሚጠቀምበት ቃል ነው። ሥሩ ያንኑ የጥርስ ድምፅ የያዘ በመሆኑ፣ እንደ «ተማንያ» ቢሆን ኖሮ «መተለን» በተባለ ነበር። ቃሉ ግን ከመጻሕፍት ዓረብኛ የመጣ ነውና «ስ» ይዞ ገባ። የእኛ «ምሳሌ» ከዚያው ሥር የበቀለ ነው፤ የእሱ «ስ» ግን በግእዝ ሕግ የተገኘ ነው። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲሰሙ መንታ ይመስላሉ፤ የመጡበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

የተፈጠረ ቋንቋ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ቃል ነው፤ ሕጉ ካለፈ በኋላ የገባውን፣ የገባበትም በር የሚታወቀውን። እሱ ካለ፣ ሠሪው ለቋንቋው ታሪክም ሰጥቶታል ማለት ነው። በአማርኛ ልብ ወለድ የምትጽፉ ወጣቶች ሆይ፣ ግእዝና ዓረብኛ በእጃችሁ ናቸው፤ ገጸ ባሕርያታችሁ የሚናገሩትን ጥንታዊ ቋንቋ በዚህ ጥንቃቄ ሥሩት።